የኢታኖልና ውሃ ዲስቲሌሽን፦ ዝቅተኛው ሪፍለክስ የቱ ነው?

ሰላም፣ ዲስቲሌሽን በደንብ የምታውቁ እስቲ አንዴ እዩልኝ። ኢታኖልን ከውሃ በ1 አትሞስፌር የሚለይ ኮለም በማኬብ-ቲሊ ዘዴ (የሚያስፈልጉትን ደረጃዎች በግራፍ ላይ እየሳሉ መቁጠር) እንድንሠራ ተሰጥቶናል። የሚገባው 20 ሞል ፐርሰንት ኢታኖል ነው፣ መፍያ ሙቀቱ ላይ የደረሰ ፈሳሽ። ከላይ የሚፈለገው 80 ነው። አዜዮትሮፑ (በተራ ዲስቲሌሽን ከዚያ በላይ ማጥራት የማይቻልበት ነጥብ) 89 ገደማ ስለሆነ እሱ አያሳስበኝም።

የተጣበቅኩት ዝቅተኛው ሪፍለክስ ላይ ነው (ሪፍለክስ የምለው ከላይ ወደ ኮለሙ የሚመለሰው ፈሳሽ ለሚወጣው ምርት ያለውን ሬሾ ነው)። በተማርነው መሠረት ከ0.8 ነጥብ ተነስቼ የፊድ (የሚገባው ድብልቅ) መስመሩ የኢኩሊብሪየም ከርቩን (ከፈሳሹ ጋር ሚዛን ላይ ያለው እንፋሎት ስንት ኢታኖል እንዳለው የሚያሳየውን) እስከሚነካበት፣ ማለትም ፈሳሹ 0.2 እንፋሎቱ ደግሞ 0.53 ገደማ እስከሚሆኑበት ቦታ ድረስ ሳሰምር፣ ሪፍለክሱ 0.8 አካባቢ ይወጣል። ግን መስመሩ መሃል ላይ፣ 0.5 እና 0.6 አካባቢ፣ ከርቩን ሰብሮ ወደ ላይ ያልፋል! ይሄ ደግሞ ሊሆን አይችልም፣ ኦፕሬቲንግ ላይኑ (ከ0.8 ተነስቼ የማሰምረው መስመር) ሁልጊዜ ከከርቩ በታች መሆን አለበት። መጽሐፉ ላይ ያለው ምሳሌ ቤንዚን (ነዳጁ ሳይሆን benzene) እና ቶሉዊን ስለሆነ እንዲህ ያለ ነገር አይገጥመውም፤ የኢታኖል ከርቭ ግን ላይኛው በኩል ወደ ውስጥ ይጎብጣል።

ስለዚህ ከ0.8 ተነስቶ ከርቩን ብቻ ታክኮ የሚያልፍ መስመር አሰመርኩ። ሪፍለክሱ 1 አካባቢ ሆነ። ዝቅተኛው ይሄኛው ነው ማለት ነው? የተሰጠን የዝቅተኛውን 1.5 እጥፍ እንድንጠቀም ስለሆነ የትሬዎቹ (ኮለሙ ውስጥ ያሉት ሳህኖች) ቁጥር በዚህ ምርጫ በጣም ይለያያል።

ደግሞ ከርቩና መስመሩ በሚቀራረቡበት ቦታ ደረጃዎቹ በጣም ስለሚጠቡ በእጅ መቁጠር ከባድ ነው፤ እዚያ አካባቢ ግራፉን አስፍቶ ከመሳል የተሻለ ዘዴ ካላችሁ ንገሩኝ። መልሱን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱን ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል። አመሰግናለሁ።