የታሪክ መምህር ነኝ፤ ከኤአይ ጋር እንዴት ልሥራ?

ጠያቂ፦ መምህሩ ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። 9ኛ እና 10ኛ ክፍል ታሪክ አስተምራለሁ። በአንድ ክፍል ከ60 በላይ ተማሪ አለ። ዕቅዱም፣ ፈተናውም፣ እርማቱም እኔው ላይ ነው። ስልኬ ላይ ቻትጂፒቲ የሚባለው ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) አለ፤ የጠየቁትን በጽሑፍ ይመልሳል። አንዳንዴ ግሩም ይሠራል፣ አንዳንዴ ደግሞ ዓመተ ምሕረት ያምታታል። በዚያ ላይ ልጆቹ አሳይመንት ከሱ እየገለበጡ ማምጣት ጀምረዋል።

ሦስት ነገር ንገሩኝ። ለዕቅድና ለፈተና እንዴት ልጠቀምበት? የማሽንን ጽሑፍ ከሰው የሚለይ መሣሪያ አለ ይባላል፣ ይታመናል? አሳይመንቱንስ ምን ላድርገው?

ጠመኔ

ወንድሜ፣ እኔም አስተማሪ ነኝ፤ ባዮሎጂ። ዋናው ነገር ከራሱ አእምሮ አውጥቶ እንዳይጽፍልህ ነው። የመማሪያ መጽሐፉን ገጽ ፎቶ አንሳና ስጠው። ከዚያ «ከዚህ ገጽ ውጭ ምንም አትጨምር። 5 የማስታወስ፣ 5 የማመዛዘን ጥያቄ አውጣ። ከእያንዳንዱ ሥር መልሱ ያለበትን ዓረፍተ ነገር ገልብጥ» በለው። ዓረፍተ ነገሩን መጽሐፉ ላይ ካጣኸው ጥያቄውን ጣለው።

ምርጫ ጥያቄ ላይ አንድ አመል አለው። ትክክለኛውን መልስ ከሌሎቹ አስረዝሞ ይጽፋል። ጎበዝ ገማች ሳያነብ ይደፍንብሃል! አማራጮቹ እኩል ርዝመት እንዲኖራቸው ንገረው። ልጆች የሚሳሳቱትን ደግሞ አንተ ነህ የምታውቀው። «ተማሪዎቼ ይህንንና ያንን ያደባልቃሉ» ብለህ ስትነግረው የተሳሳቱት አማራጮች ሕይወት ይዘራሉ።

ለዕቅድ ግን ብዙም አልወደድኩትም። ፕሮጀክተር፣ ላፕቶፕ፣ «ተማሪዎች በ4 ቡድን ክብ ሠርተው ይቀመጡ» ይላል። 60 ልጅ በተጨናነቀ ዴስክ እንዴት ክብ ይሠራል? ያለህን ጥቁር ሰሌዳና 40 ደቂቃ አስቀድመህ ንገረው።

ኮድ ጸሐፊው

ስለ ዓመተ ምሕረቱ ልመልስ። ያነበበው ጽሑፍ አብዛኛው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ወደ እኛ ሲቀይር ዝም ብሎ 8 ዓመት ቀንሶ ሊያልፍ ይችላል። ዓድዋ ላይ ያዋጣዋል፤ 1896 ሲቀነስ 8፣ 1888። ጣልያን በኦክቶበር 1935 ሲወርር ግን በኛ 1928 ነው፤ ልዩነቱ 7። የማይጨው ጦርነት ደግሞ በማርች 1936 ሆኖ በኛ ያው 1928 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 መሆኑን ካልነገርከው ወረራውን 1927 ብሎ ቁጭ ሊያደርግልህ ይችላል። ወሩን ጨምረህ ጠይቀው፣ ስሌቱንም ያሳይህ። ከነገርከው በኋላም ቢሆን ፈተና ላይ የሚገባ ቀን ሁሉ በራስህ ዓይን ይታይ።

ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ በአንዴ አትስጠው። አማርኛን ከእንግሊዝኛ ይልቅ በብዙ ቁርጥራጭ ስለሚያነብ በአንዴ መያዝ የሚችለው መጠን ቶሎ ይሞላል። መጽሐፋችሁ እንግሊዝኛ አይደል? በእንግሊዝኛ አሠራው፣ አማርኛውን ማብራሪያ ክፍል ውስጥ አንተው ትለዋለህ።

ቆራጡ

ስልክ ይከልከሉ፣ አለቀ።

ጠመኔ

ቤታቸው ሲገቡስ? እዚያም ትጠብቃቸዋለህ?

የዩኒቨርሲቲ ሰው

መለያ መሣሪያውን ተወው። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ በጃንዋሪ 2023 አንድ አውጥቶ ነበር። በራሱ ሙከራ ማሽን ከጻፈው ውስጥ የለየው 26 በመቶውን ብቻ ነው። ሰው ከጻፈው ደግሞ 9 በመቶውን የማሽን ነው አለ። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ አስተማማኝ አይደለም ብሎ ዘጋው።

ለኛ የባሰው ሌላ ነው። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2023 የእንግሊዝኛ አፍ መፍቻ ያልሆኑ ሰዎች ቶፍል ለሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች በ7 መለያዎች ፈተሹ። በአማካይ ከ60 በመቶ በላዩ «የማሽን ነው» ተባለ። ቃላቱ ቀላል፣ ዓረፍተ ነገሩ የተለመደ ስለሆነ ነው። የአንተ ተማሪዎችም እንዲሁ ነው የሚጽፉት። በዚህ ተመርኩዞ ልጅ ላይ ዜሮ መስጠት ግፍ ነው።

ጸሐፊዋ

መምህር፣ እኔ ቢሮ ነው የምሠራው። ደብዳቤና ሪፖርት በኤአይ አረቃለሁ። ሐሳቡን እኔ በነጥብ እጽፋለሁ፣ እሱ እንግሊዝኛውን ያስተካክላል። የሰው ስም፣ ደመወዝ፣ ስልክ ቁጥር አላስገባም። እርስዎም የተማሪ ስምና ውጤት እንዳያስገቡ፤ «ተማሪ ሀ» ካሉት ይበቃዋል። የሰጠዎትን ሳያጣሩም አይፈርሙ። በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የፍርድ ውሳኔዎች እንደ እውነት ለፍርድ ቤት አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል።

መምህሩ ከደሴ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የአሳይመንቱ ነገር ግን አልተነካም። ግማሹ ልጅ ስልክ እንኳ የለውም።

የዩኒቨርሲቲ ሰው

ስለ ወሎ አይደል የምናወራው? የ66ቱን ወይም የ77ቱን ድርቅ ያዩ አያቶች ገና አሉ። ልጆቹ ቤታቸው ወይም ጎረቤት ጠይቀው ይምጡ። ማን ነገራቸው? ያኔ የት ነበሩ? ምን ይበላ ነበር? ይህን ማሽን አያውቀውም። ሐዘኑ ያልወጣላቸው ቤቶች ስላሉ ማውራት የማይፈልግ ሰው እንዳይጨቀጨቅ ብቻ አደራ በላቸው። ለነዚያ ልጆች ሌላ ርዕስ አዘጋጅ፤ ስለ ድሮ ገበያም ቢሆን።

ጠመኔ

ስልክ የማይፈልግ ሌላም አለ። በራስህ ስልክ ኤአዩን ስለ ዓድዋ አንድ አንቀጽ አስጽፈውና ሰሌዳ ላይ ገልብጠው። ልጆቹ መጽሐፋቸውን ይዘው ስህተት ያድኑ። ስህተት ባይገኝ እንኳ ምን እንደተዘለለ ይፈልጋሉ። የኔዎቹ ማሽኑን ሲይዙት ደስታቸው ሌላ ነው!

መምህሩ ከደሴ

ሁለቱንም እሞክራለሁ። ግን አያቶቹን እውነት እንደጠየቁ በቃል ላጣራ ብል፣ ለ60 ልጅ ጊዜው ከየት ይመጣል?

ጠመኔ

ሁሉንም አትጠይቅ። በቡድን ከፋፍላቸውና ከየቡድኑ በዕጣ አንድ ልጅ አስነሳ፤ የሱ መልስ ለቡድኑ ሁሉ ማርክ ይሁን። ዕጣው በማን እንደሚወጣ ስለማያውቁ እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። ማርኩን ግን መጀመሪያ ላይ ከ5 አታሳልፈው፤ ወላጅ ይመጣብሃል።