የላይትሩም ካታሎግ መብራት ከጠፋ በኋላ አልከፈት አለኝ፤ ባክአፑን እንዴት ልመልሰው?

የሰኞ ገበያዋ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ላይ የሠርግና የኒካህ ፎቶ ነው የምሠራው። ትናንት ማታ የአንድ ሠርግ ፎቶ እያስተካከልኩ መብራት ድርግም አለ። ሲመጣ ላይትሩምን (ፎቶ የማስተካክልበትን ፕሮግራም) ከፈትኩ፤ «ካታሎጉ ተበላሽቷል፣ ልጠግነው?» አለኝ። ካታሎጉ የፎቶዎቹን ዝርዝርና የሠራሁባቸውን ሁሉ የሚይዘው ፋይል ነው። እሺ ስለው ትንሽ ይሄድና አልቻልኩም ይላል።

ፎቶዎቹ ውጪ ባለው ሃርድዲስክ ላይ አሉ፣ ከፍቼ አይቻቸዋለሁ፣ ደህና ናቸው። የጠፋው ሥራው ነው። ቀለሙ፣ ክሮፑ (የፎቶው አቆራረጥ)፣ ለአልበም ተመርጠው አምስት ኮከብ የሰጠኋቸው። ምርጫውን ከሙሽራዋ እናት ጋር አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠን ነው የጨረስነው። እሳቸው አሁን ጅዳ ተመልሰዋል። እንደገና ይምረጡልኝ ማለት እንዴት ይሆንልኛል?

ላይትሩም ሲዘጋ በየሳምንቱ የሚያስቀምጠው ባክአፕ በዚፕ አለኝ። ግን የመጨረሻው ከምርጫው በፊት የተቀመጠ ነው። እሱን ብመልስ ምርጫው ይቀራል ማለት ነው? የምታውቁ እርዱኝ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

አብሽሪ እህቴ፣ ዋናው ነገር ተርፏል።

ከሁሉ በፊት ላይትሩምን ዝጊውና ሁለተኛ ጠግን አትበይው። ካታሎጉ ያለበትን ፎልደር እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ኮፒ አድርጊ። የተበላሸውም ቢሆን አይጣልም። ካታሎጉ ውስጡ ኤስኪውላይት የሚባል ዳታቤዝ ነው። እየጻፈ መብራት ሲሄድበት ያልጨረሰው ነገር አጠገቡ ባለች ትንሽ ፋይል ውስጥ ይቀራል። በስሟ መጨረሻ «ዋል» ወይም «ጆርናል» የሚል ታያለሽ። ብዙ ሰው ትርፍ ናት ብሎ ይሰርዛታል። እባክሽ እንዳትነኪያት። ፕሮግራሙ ተዘግቶም ካልጠፋ የሚሰረዘው «ሎክ» የሚለው ብቻ ነው።

አሁን አንድ ነገር እይልኝ። በሠርጉ ፎልደር ውስጥ፣ ከሮው ፎቶዎቹ (ከካሜራው እንደወጡ ካሉት ጥሬ ፋይሎች) ጎን፣ ስማቸው አንድ የሆነ ኤክስኤምፒ የሚባሉ ትንንሽ ፋይሎች አሉ?

የሰኞ ገበያዋ (ደሴ)

አሉ! ከእያንዳንዱ ሮው ጎን አለ። ቀናቸውም የዚህ ሳምንት ነው። ግን ካታሎጉን ወደ ፍላሽ ኮፒ ሳደርግ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ይለኛል። 64 ጊጋ ነው እኮ፣ ምንም የለበትም።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

የፍላሹ ፎርማት ፋት32 የሚባለው ሆኖ ይሆናል። ፋት32 የቱንም ያህል ባዶ ቢሆን 4 ጊጋ የሞላ አንድ ፋይል አይቀበልም። ኤክስፋት አድርገሽ ፎርማት አድርጊው።

ኤክስኤምፒው ካለ ምርጫው አለ! ለውጥ በተደረገ ቁጥር ወደ ፋይል እንዲጻፍ የሚያዘው ሴቲንግ በርቶ ነበር ማለት ነው። ኮከቡም፣ ክሮፑም፣ ቀለሙም እዚያ ተጽፏል። የማይጻፉት ኮሌክሽኖች (አንድ ላይ የሰበሰብሻቸው ምድቦች) እና ቨርቹዋል ኮፒዎች (ፋይሉ ሳይባዛ ላይትሩም ውስጥ ብቻ የሚሠሩ የፎቶ ቅጂዎች) ናቸው፤ እነሱ ካታሎጉ ውስጥ ብቻ ነው ያሉት።

ዚፑን አዲስ ፎልደር ከፍተሽ እዚያ ፍቺው፣ በተበላሸው ላይ አትደርቢበት። ኤልአርካት ከሚለው ፋይል (ካታሎጉ ራሱ ነው) ጋር ኤልአርካት-ዳታ የሚባል ካለ አታለያዪያቸው፤ ከ2021 መጨረሻ ወዲህ ያሉት ስሪቶች የማስክን (የፎቶውን አንድ ክፍል ብቻ ለይቶ የማስተካከልን) ሥራ የመሰለውን እዚያ ነው የሚያስቀምጡት። ከዚያ ኤልአርካቱን ክፈቺው። የድሮውን መልክ ነው የምታዪው፣ አትደንግጪ። የሠርጉን ፎቶዎች ብቻ ምረጪና ከሜታዳታ ሜኑ «ሪድ ሜታዳታ ፍሮም ፋይል» የሚለውን ንኪ። ይሄ ትእዛዝ ካታሎጉ የያዘውን በፋይሉ ባለው ይተካዋል፣ ስለዚህ ሌሎች ሥራዎችሽ ላይ እንዳትለቂው። ከባክአፑ በኋላ ያስገባሻቸው ፎቶዎች ካሉ ደግሞ ፎልደሩ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገሽ «ሲንክሮናይዝ ፎልደር» በይ።

ፎልደሩ ላይ የጥያቄ ምልክት ካየሽ ፎቶው ጠፋ ማለት አይደለም። ዊንዶውስ ለዲስኩ ሌላ ፊደል ሰጥቶት ይሆናል። ቀኝ ክሊክ አድርጊና ያለበትን አሳዪው። ትንንሾቹ ምስሎች መጀመሪያ ግራጫ ሆነው ቢቆዩም ተያቸው። ባክአፑ ፕሪቪው አይዝም፣ ላይትሩም ራሱ እንደገና ይሠራቸዋል።

ሐረጎ (ደሴ)

ቦርከና ሁሉንም ብሎታል። እኔ የምጠቀመው ዲጂካም የሚባል የፎቶ ማደራጃ ፕሮግራም ነው፣ ነፃ ስለሆነ። የሰፈራችንን አሮጌ ፎቶዎች ስካን አድርጌ ፊት ላይ ስም እየጻፍኩ ነው። ስሞቹን የሚነግሩኝ በዕድሜ የገፉ እናቶችና አባቶች ናቸው፤ ያ ዳታቤዝ ቢጠፋ ሌላ ማንን እጠይቃለሁ? ስለዚህ ስሞቹ ፎቶው ፋይል ውስጥም እንዲጻፉ አድርጌያለሁ። ባክአፕ የማደርገው ፕሮግራሙን ዘግቼ ነው። ክፍት እያለ የተገለበጠ ዳታቤዝ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ሳይጻፍ ሊያዝ ይችላል። የተምኔሉ (የትንንሾቹ ምስሎች) ፋይል በጣም ትልቅ ነው፣ እሱ ቢቀርም ግድ የለም፣ ፕሮግራሙ መልሶ ይሠራዋል።

የሰኞ ገበያዋ (ደሴ)

ተከፈተ! አምስት ኮከቦቹን ብቻ አሳየኝ ስለው የእናትየው ምርጫ በሙሉ መጣ። አላህ ይስጥልኝ ቦርከና፣ ምን ብዬ እንደማመሰግንህ አላውቅም። ጥቁርና ነጭ ያደረግኳቸው ቨርቹዋል ኮፒዎች እንዳልከው የሉም፣ እነሱን ዛሬ ማታ እንደገና እሠራቸዋለሁ። ባክአፑ ግን ካታሎጉ ባለበት በዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው የሚቀመጠው። ቦታውን የት ነው የምቀይረው?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

እሰይ! የባክአፕ ቀን ሲደርስ፣ ላይትሩምን ስትዘጊው በሚመጣው መስኮት ላይ የሚቀመጥበት ፎልደር ተጽፏል። «ቹዝ» ብለሽ ውጪ ያለውን ዲስክ ስጪው። ግን ፎቶዎቹ ያሉበትን ዲስክ አይሁን፣ ሌላ ይሁን። እዚያው መስኮት ላይ «ቴስት ኢንቴግሪቲ» የሚለው ምልክት ይኑርበት፤ የተበላሸ ካታሎግ ባክአፕ ሆኖ እንዳይቀመጥ ቀድሞ ይፈትሸዋል። ትልቅ ካታሎግ ላይ ጊዜ ይወስዳል፣ ጀምሪውና ቡናሽን አፍዪ።