የሚያዝያ 21 ዕቅድ፣ የመጨረሻው ረቂቅ (ነው ተብሎ)

ሰብሳቢዋ፦ ረቂቁን ዛሬ ማታ እዘጋዋለሁ። ሚያዝያ 21 ቀን 2019፣ ደርግ አዲስ አበባ ላይ ወጣቶቹን የጨፈጨፈበት ያ ሌሊት 50 ዓመት ይሞላዋል። በየሰፈሩ፣ ሬሳ በተጣለበት ቦታ ቆመን ስም እናነባለን። ከዚያ የቀበሌ መዝገቦች ለቤተሰብ ይከፈቱ የሚል ደብዳቤ እናስገባለን። የሚያነብ ይመዝገብ።

ጉለሌ፦ እኔ አለሁ። ሰሜን በኩል ያለውን በሙሉ ለኔ ተዉት።

ሒሳብ ያዥ፦ መጀመሪያ 500 ብሩን። ከ23 ሰው የከፈለው 9 ነው። ቲሸርቱ ቀብድ ይፈልጋል።

ልደታ፦ ቲሸርቱን ቀይ ያለው ማነው?

ሒሳብ ያዥ፦ ባለፈው ስብሰባ ተወስኗል። አንቺ አልነበርሽም።

ልደታ፦ አጎቴን የበላው ቀይ ሽብር ነው። መንግሥቱ ኃይለማርያም አብዮት አደባባይ ደም የመሰለ ነገር የሞላ ጠርሙስ የከሰከሰው በዚያው ሚያዝያ ነው። ቀይ ለብሼ እዚያው ልቆም? ነጭ ይሁን።

ካዛንቺስ፦ ነጭ ሽብር ሊሉን? ደርግን ይዋጋ የነበረው ኢሕአፓም ገድሏል እኮ፤ ደርግ ያንን ነው ነጭ ሽብር ያለው። ያኔ ከደርግ ጋር የነበረው የመኢሶን ልጆችም ይመጣሉ።

ልደታ፦ እኩል አደረግካቸው? አንደኛው መንግሥት ነበር። እስር ቤት ነበረው፣ አብዮት ጠባቂ ነበረው።

ካዛንቺስ፦ እኩል ናቸው አላልኩም። ስለ ቲሸርት ነው የማወራው።

ልደታ፦ አላልክም፤ ግን አልክ።

ካዛንቺስ፦ እንግዲህ ራቁታችንን እንውጣ!

መስራች አባል፦ ልጆች፣ ጥቁር ይሁን። ያኔ ጥቁር መልበስ አይቻልም ነበር። እናቴ የወንድሜን ሬሳ ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ ከፍላለች። ድንኳን የለ፣ ለቅሶ የለ። ትራስ አፏ ላይ አድርጋ ነው ያለቀሰችው።

ልደታ፦ ይቅርታ ጋሼ። በቃ ጥቁር።

ካዛንቺስ፦ ጥቁር።

ሒሳብ ያዥ፦ ጥቁር ላይ ማሳተም ይወደዳል። እወቁት።

ሜሪላንድ፦ ቆይ፣ እኛ እዚህ 40 ቀይ አሳትመን ጨርሰናል። ማን ሊከፍለን ነው?

ካዛንቺስ፦ ማን አሳትሙ አላችሁ?

ሜሪላንድ፦ ቃለ ጉባኤው! ዶላር ስንልክ ቀለሙን አትጠይቁም አይደል።

ሰብሳቢዋ፦ ስለ ደብዳቤውስ ማንም የሚል የለም?

ቄራ፦ እኔ ልበል። ዋናው ሰውዬ መንግሥቱ በ1999 ጥፋተኛ ተባለ፣ በ2000 ሞት ተፈረደበት፣ እሱ ግን ቀድሞ ዚምባብዌ ገብቶ ቀርቷል። እሱን ተዉት። እኔ ማወቅ የምፈልገው የልጆቹን ስም ለቀበሌ ማን እንደሰጠ ነው። መዝገቡ ቢከፈትና የዕድራችን ዳኛ ቢሆንስ? ወይ የአንዳችን አያት?

ሒሳብ ያዥ፦ ቲሸርቱ ጀርባ ላይ ምን ይጻፍ?

ልደታ፦ ቀኑ ብቻ።

ቄራ፦ ጥያቄዬን ማንም አላየውም ማለት ነው።

መስራች አባል፦ አይተነዋል ልጄ።

ሰብሳቢዋ፦ እሺ። ጉለሌ፣ ስንት ሰው አገኘህ? ጉለሌ?

ካዛንቺስ፦ ስልክ አያነሳም። ሦስት ቀኑ።

ሰብሳቢዋ፦ እንግዲያው በየሰፈሩ መቆሙ ይቅር። መስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሙዚየሙ በር ላይ እንሰብሰብ፣ ሻማ እናብራ፣ ቡና ይፈላ። ደብዳቤው ለሁለተኛ ዙር ይደር። ሜሪላንዶች ቀዩን እዚያው ይልበሱት።

ቄራ፦ ሁለተኛ ዙር መቼ ነው?

ሒሳብ ያዥ፦ 14 ሰው ከፍሏል። የልብስ መጠናችሁን ላኩልኝ።

ልደታ፦ ሚዲየም።