የካርበን ማይክሮፎኑ ለምን ይንጫረራል? (ለሳይንስ ኤግዚቢሽን)

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
ሰላም ለሁላችሁ። ተማሪዎቻችን የጥንቱን ስልክ እየሠሩ ነው። ከባትሪ ድንጋይ የወጡ ሦስት የካርበን ዘንጎች፣ ስስ የጣውላ ሣጥን፣ 9 ቮልት ባትሪና 8 ኦም ስፒከር በተከታታይ ተቀጥለዋል። ሣጥኑ ሲነካ ኳ ይላል፤ ሲናገሩበት ግን መንጫረር ብቻ ነው። ደግሞ «የስልክ ፈልሳፊው የቤል ስልክ ያለ ባትሪ ይሠራ ነበር፤ የእኛ ለምን ባትሪ ፈለገ?» ይላሉ።

ጦሳ (ደሴ)
አብሽሩ መምህር። መጀመሪያ ቮልቱን ወደ 3 ያውርዱት፤ ሁለት ድንጋይ ይበቃል። ሲበዛ ካርበኖቹ በሚነካኩበት ነጥብ ብልጭታ ይፈጠራል፣ የሚንጫረረውም እሱ ነው። ሁለቱን ዘንጎች ሣጥኑ ላይ ጎን ለጎን ያጣብቁ፤ ሦስተኛው በላያቸው ተጋድሞ በራሱ ክብደት ብቻ ይረፍ። ከታሰረ ንክኪው ስለማይለዋወጥ ዝም ይላል፤ ከመጠን በላይ ከቀለለ ደግሞ ጠንከር ያለ ድምፅ ሁሉ ኮረንቱን ይቆርጠዋል። ዘንጎቹን በብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት አይርሱ። አልካላይን ድንጋይ ግን እንዳይከፍቱ፤ የካርበን ዘንግ የለውም፣ ውስጡም ቆዳ ያቃጥላል።

ሆጤ
ተማሪዎቹ ግማሽ እውነት ይዘዋል። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 1876 ቤል ቦስተን ውስጥ ረዳቱን ዋትሰንን የጠራበት መሣሪያ ባትሪ ነበረው፦ ከስስ ሽፋን ጋር የተያያዘ መርፌ አሲድ በገባበት ውሃ ውስጥ ከፍ ዝቅ ሲል ሬዚስታንሱ (ኮረንት እንዳያልፍ የሚያግደው መጠን፣ በኦም የሚለካው) ይለዋወጥ ነበር። ሌላው አሜሪካዊ ፈልሳፊ ኢላይሻ ግሬይም ቤል የፓተንት ማመልከቻውን ባስገባበት በዚያው ቀን፣ ፌብሩዋሪ 14፣ ይህንኑ ዘዴ ጽፎ አስገብቷል፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። ባትሪ የማይፈልገው በ1877 የወጣው፣ ቋሚ ማግኔት ያለው ነው። የብረት ሳህኑ ሲንቀጠቀጥ ጥቅል ሽቦው ውስጥ ኮረንት ያመነጫል፤ ጉልበቱ ግን ከተናጋሪው ድምፅ ስለማይበልጥ መጮህ ግድ ነበር። ኤዲሰን በካርበን ነገሩን ገለበጠው፤ ድምፁ ኮረንት ማመንጨቱ ቀርቶ የባትሪውን ኮረንት መቆጣጠር ጀመረ። ለእኔ ትልቁ እርምጃ ይሄ ነው። የእናንተ ባለ ሦስት ዘንግ ደግሞ ፈልሳፊው ዴቪድ ሂዩዝ በ1878 ካሳየው የካርበን ማይክሮፎን ጋር ይዛመዳል።

ጦሳ (ደሴ)
ሽቦው ሲረዝም ሌላ ችግር ይመጣል። ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ሬዚስታንሱ በኪሎ ሜትር 88 ኦም ያህል ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ብንል፣ በሁለት ሽቦ ደርሶ መልስ 4400 ኦም ይሆናል፤ የካርበኑ ጥቂት ኦም ለውጥ እዚያ ውስጥ ይጠፋል። ኤዲሰን ባትሪውንና ካርበኑን ከኢንዳክሽን ኮይሉ (እንደ ትራንስፎርመር ሁለት የሽቦ ጥቅል ያለው፣ ቮልት የሚጨምር መሣሪያ) አጭር ጥቅል ጋር አገናኝቶ፣ ረጅሙን ጥቅል ከመስመሩ ጋር ያያያዘው ለዚህ ነው። እናንተ ከ220 ወደ 6 ቮልት የሚቀንስ ትንሽ ትራንስፎርመር ገልብጡ፦ የ6 ቮልቱ ጎን ከማይክሮፎኑና ከባትሪው፣ የ220ው ጎን ከመስመሩ። ስፒከሩ ጋ ሌላ ተመሳሳይ ትራንስፎርመር፣ የ220ው ጎን ወደ መስመሩ፣ የ6ቱ ወደ ስፒከሩ። ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ጋር በፍጹም አይገናኙ። ባትሪው ሲነቀል በ220ው ጎን ቮልቱ ለቅጽበት ስለሚዘል የተላጠ ሽቦ ማንም አይያዝ። ስፒከሩ ሌላ ክፍል ይሁን፤ ከማይክሮፎኑ ጋር አንድ ክፍል ከዋለ ያፏጫል።