ክርክር፦ «ችግሩ እኔው ነኝ» የሚል ዘፈን ያላቅቃል ወይስ ያለማምዳል?

መነሻ፦ ቴይለር ስዊፍት በ2022 እ.ኤ.አ. «አንቲ ሂሮ» የተባለ ዘፈኗን አወጣች። አዝማቹ ላይ ችግሩ እኔው ነኝ ትላለች። በአሜሪካው የቢልቦርድ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ 8 ሳምንት አንደኛ ሆኗል። እንዲህ ያለ ዘፈን ደስታውን በገዛ እጁ ለሚያበላሽ ሰው ይጠቅመዋል? ምን ትላላችሁ?

የሌሊት አድማጭ፦ እኔ አይጠቅምም ባይ ነኝ። በጣም የምፈልገው ሥራ ተገኝቶልኝ ነበር። ኢሜይሉ ሲደርሰኝ መልስ መጻፍ አቃተኝ። ኢርፎኔን ሰክቼ ራሷን ስለምትወቅስ ልጅ የተዘፈነ ዘፈን እስኪነጋ ደጋገምኩት። አለቀስኩ፣ ቀለል አለኝ። መልሱን ግን አልጻፍኩም፤ ቀኑም አለፈ። የሚረዳኝ ያገኘሁ ስለመሰለኝ እዚያው ተኛሁበት።

ከበሮ መቺ፦ ወንድሜ፣ ያ ዘፈን ባይኖርስ ትጽፍ ነበር?

ሳይኮሎጂ አንባቢ፦ ጥያቄው ልክ ነው። በርግላስ እና ጆንስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1978 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። ለአንዳንድ ተማሪዎች መልስ የሌለው ጥያቄ ሰጡና «በጣም ጎበዝ» አሏቸው። ከሁለተኛው ፈተና በፊት ከሁለት መድኃኒት አንዱን አስመረጧቸው። አንዱ አእምሮን ያነቃል፣ ሌላው ያፈዛል ተብሏል። ከእነዚህ ተማሪዎች ወንዶቹ በብዛት የሚያፈዘውን መረጡ። ለምን? ቢወድቁ የሚያሳብቡበት እንዲኖራቸው ነው። ያገኙት ውጤት የራሳቸው መሆኑን አላመኑማ! ስለዚህ ራሱን የሚጠልፍ ሰው ደስታ ጠልቶ አይደለም፤ እንዳይነጠቅ ፈርቶ ቀድሞ ይጥለዋል። ለዚህ ሰው «ደስ ይበልህ» የሚል ዘፈን ትእዛዝ ነው የሚሆንበት። «እኔም እንዳንተ ነኝ» የሚለው ግን ቢያንስ ሐፍረቱን ያቀልለታል። ሐፍረቱ ሲቀል ደግሞ ለሰው መናገር ይቻላል።

የሌሊት አድማጭ፦ የሐፍረቱን ነገር እቀበላለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ አዝማቹ ነው። አዝማች ይመለሳል። ጥፋትህን በሚጣፍጥ ዜማ 4 ጊዜ ስትዘምረው ጌጥህ ይሆናል።

ከበሮ መቺ፦ ብሪጁንስ፣ ከመጨረሻው አዝማች በፊት የሚመጣውን ለየት ያለ ክፍል፣ ረሳኸው? እኔ ስጫወት የምጠብቀው እሱን ነው። ከበሮውን አቆማለሁ፣ ድምፅ ብቻውን ይቀራል። ዘፋኙ እስካሁን ያልደፈረውን የሚናገረው እዚያ ነው። ስመለስ አዝማቹ ያው ቢሆንም ሌላ ሆኖ ይሰማኛል።

የሌሊት አድማጭ፦ ላንተ ይሰማሃል፣ ቃሉ ግን አልተቀየረም። የመጨረሻው አዝማች ላይ አንዲት ቃል እንኳ የምትቀየርበት ዘፈን የምታውቁ እባካችሁ ጻፉልኝ። ዛሬ ማታ እሱን ነው የምሰማው።