ስንሮጥ የሚመጣው የጎን ውጋት፦ ምክንያቱ ምንድን ነው? እንዴትስ ይከላከሉታል?

ጥያቄ፦ ጀማሪ ሯጭ (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። በኅዳር ወር በሚካሄደው የታላቁ ሩጫ የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ለመሳተፍ አስቤ ከሥራ መልስ ልምምድ ጀምሬአለሁ። እግሬም ሆነ ትንፋሼ ከጠበቅሁት በላይ እየተሻሻለ ነው። ሊለቀኝ ያልቻለው አንድ ነገር ነው፦ ሩጫው ሞቅ ሲል በቀኝ ጎኔ፣ ከታችኛው የጎድን አጥንት ሥር፣ ሰቅዞ የሚይዝ ውጋት ይጀምረኛል። አየር በደንብ ስስብ ይበረታል፤ ቆም ብዬ ጥቂት ስራመድ ይለቀኛል፤ ሩጫዬን ስቀጥል ግን ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። አልፎ አልፎ ደግሞ በዚያው ቅጽበት የቀኝ ትከሻዬን ጫፍ ያመኛል፤ ሁለቱ ምን እንደሚያገናኛቸው ሊገባኝ አልቻለም።

ምሳዬን የምበላው ሰባት ሰዓት ገደማ ሲሆን ሩጫ የምጀምረው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ስለዚህ «ጠግበሽ ስለምትሮጪ ነው» የሚለው ምክር እኔን የሚመለከት አይመስለኝም። በባዶ ሆዴም እንዳልሮጥ ከቢሮ ስወጣ አንድ ብርጭቆ ጁስ ጠጥቼ ነው የምሄደው። አብረውኝ ከሚሮጡት መካከል አንዱ ጣፊያሽ ነው ይለኛል፣ ሌላው ሳንባሽ ገና አልተከፈተም ይላል፣ እናቴ ደግሞ ብርድ መትቶሽ ነው ብላ ፌጦ ታዘጋጅልኛለች። ለመሆኑ ይህ ውጋት ከምን ይመጣል? ሲጀምረኝ መቆም አለብኝ ወይስ ችዬ መቀጠል? ሐኪም ዘንድ ሄጄ መመርመርስ ያስፈልገኛል?

መልስ 1፦ የጤና ሯጮች አሠልጣኝ

እኅቴ፣ በርትተው መጀመርዎ የሚያስደስት ነው። ምክንያቱን ሐኪሞቹ ቢያብራሩት ይሻላል፤ እኔ ሜዳ ላይ ስለሚሠራው ልናገር።

ውጋቱ ሲጀምርዎ በአንድ ጊዜ ቀጥ ብለው አይቁሙ፤ ጥርስ ነክሰውም አይቀጥሉ። ፍጥነትዎን ወደ ሶምሶማ ወይም ወደ እርምጃ ያውርዱና ሦስት ጣቶችዎን በሚወጋዎት ቦታ ላይ አድርገው ወደ ውስጥና ወደ ላይ ጫን ይበሉ፤ ከወገብዎ ጥቂት ወደ ፊት ጎንበስ ይበሉና አየሩን በጠበበ ከንፈር፣ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው፣ በቀስታ ያስወጡት። ይህንን እየደጋገሙ ሲራመዱ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይለቃል። ከለቀቀዎት በኋላ ወደ ቀድሞው ፍጥነት በአንድ ጊዜ መመለስ መልሶ ይጠራዋል።

ለመከላከል የምመክረው ደግሞ ማሟሟቂያን ሳይዘሉ ዝግ ብሎ መጀመርን ነው። ከእንጦጦ ቁልቁል እየሮጡ የሚወርዱ ጀማሪዎች ሽቅብ ከሚወጡት ይልቅ ስለ ውጋት ሲያማርሩ እሰማለሁ፤ ቁልቁለት ላይ ሆድ ዕቃ ይናጣል። እንዲሁም አየር የሚያስወጡት ሁልጊዜ ቀኝ እግርዎ መሬት ሲረግጥ ከሆነ ወደ ግራ እግርዎ ይቀይሩት። በእኔ ግምት ዋናው መድኃኒት ግን ትንፋሽን ማሠልጠን ነው፤ ሳንባ እየጠነከረ ሲሄድ ውጋቱ ይጠፋል።

መልስ 2፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

አሠልጣኙ በሕመሙ ሰዓት ይደረግ ያሉትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ በመጨረሻው ዓረፍተ ነገራቸው ግን አልስማማም። ውጋት የአቅም ማነስ ምልክት አይደለም፤ ለዓመታት የሠለጠኑ ሯጮችንም ይይዛል፤ ብዙ መለማመድ ብቻውንም አያጠፋውም።

ይህንን ሕመም በብዛት ያጠኑት ዳረን ሞርተን እና ሮቢን ካሊስተር የተባሉ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት ከተጠየቁት ሯጮች 70 በመቶ ያህሉ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ውጋት እንደያዛቸው ተናግረዋል። ይበልጥ የሚያስገርመው ግን የሌሎቹ ስፖርተኞች መልስ ነው፦ ከፈረስ ጋላቢዎች 62 በመቶ ያህሉ ሲይዛቸው ከብስክሌተኞች የያዛቸው 32 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ምክንያቱ የሳንባ ድካም ወይም የድያፍራም (ደረትንና ሆድን የሚለየው የመተንፈሻ ጡንቻ) የደም እጥረት ቢሆን ኖሮ፣ እጅግ የሚያለከልከው ብስክሌተኛ በተጠቃ፣ ኮርቻ ላይ የተቀመጠው ጋላቢ ደግሞ በዳነ ነበር። የአዲስ አበባን ከፍታ ለዚህ ሕመም ተጠያቂ የሚያደርጉ ሰዎችም አሉ። ከፍታው ትንፋሽ እንደሚያሳጥር እሙን ነው፤ ይህ ውጋት ግን በባሕር ጠረፍ ከተሞች የሚሮጡትንም ያሰቃያቸዋል።

ጣፊያን መውቀስም የቆየ ልማድ ነው፤ የጥንቱ ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒ ሳይቀር ጣፊያ ሯጭን ያሰናክላል ብሎ ጽፎ ነበር። የእርስዎ ሕመም ያለው በቀኝ በኩል ሲሆን ጣፊያ ያለው በግራ ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ የእርስዎን ጣፊያ ነጻ ማውጣት ይቻላል።

ለማስረጃዎቹ ሁሉ የተሻለ የሚስማማው ማብራሪያ ይህ ነው፦ የሆድን ግድግዳ ከውስጥ የሚሸፍን ስስ ገበር አለ። የሆድ ዕቃችንን የሸፈነው የዚሁ ገበር ሌላኛው ክፍል ደግሞ በቀጭን ፈሳሽ እየለሰለሰ በላዩ ላይ ይንሸራተታል። ጨጓራ በምግብ ወይም በመጠጥ ሲወጠር፣ ወይም ሰውነት ደጋግሞ ሲናጥና ሲጠማዘዝ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ፍትጊያ ይጨምርና የግድግዳው ገበር ይቆጣል። ይህ ገበር ደግሞ ሕመምን ለይቶ የማወቅ ችሎታው ከፍተኛ ስለሆነ፣ ሰው ቦታውን በጣቱ ሊያመለክት እስኪችል ድረስ አንድ ነጥብ ላይ ይወጋል። የትከሻዎም ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ በድያፍራም ሥር ያለው የገበሩ ክፍል ስሜቱን የሚያስተላልፈው ከአንገት በሚነሣ ነርቭ ነው፤ የትከሻ ጫፍ ቆዳም ስሜቱን የሚያደርሰው ወደዚያው የአከርካሪ ክፍል በመሆኑ አንጎላችን ሕመሙ ከትከሻ የመጣ ይመስለዋል።

አሁን ወደ ጁሱ ልምጣ። ምሳዎ ከአራት ሰዓት በላይ ስለሚቆይ እሱን አልጠረጥርም። ከቢሮ ሲወጡ የሚጠጡት ግን የጁስ ቤቶቻችን ስፕሪስ ከሆነ፣ አቮካዶና ማንጎ ተደራርቦበት፣ ስኳር ተጨምሮበት፣ ከላይ ቪምቶ የሚፈስበት ማለት ነው፤ ይህም በማንኪያ የሚበላ ምግብ እንጂ መጠጥ አይደለም። ሞርተንና ባልደረቦቹ የተለያዩ መጠጦችን ለሯጮች እያጠጡ ሲያነጻጽሩ ከሁሉም በላይ ውጋትና የሆድ መነፋት ያስከተለው ስኳር የበዛበት የፍራፍሬ ጭማቂ ነበር። ስኳሩ ሲበዛ ጨጓራ ቶሎ አይጎድልም፤ ስለዚህ ሩጫ ሲጀምሩ ብርጭቆው ገና ሆድዎ ውስጥ ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል ጁሱን ትተው፣ ቢርብዎ አሥር ሰዓት አካባቢ አንድ ሙዝ ይብሉ፣ ውኃም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ጥቂት ጥቂት እያሉ ይጠጡ። ሌላ ምንም ሳይቀይሩ ይህንን ብቻ ቢያደርጉ ጥፋተኛው እሱ መሆኑና አለመሆኑ በግልጽ ይታወቃል። በሶ የሚበጠብጡ ሯጮችም ማሩን አብዝተው፣ ሊሮጡ ሲሉ ከጠጡት ያው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አቀርቅሮ የዋለ ሰው ሲሮጥም ጀርባው ጎበጥ እንዳለ ይቀራል፤ የላይኛው ጀርባ መጉበጥና ውጋት አብረው እንደሚታዩ ተስተውሏል። ከመሮጥዎ በፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው እጆችዎን በደረትዎ ላይ አጣምረው ወደ ግራና ወደ ቀኝ በቀስታ ይጠማዘዙ። የሆድና የወገብ ጡንቻን የሚያጠነክሩ እንቅስቃሴዎችም ይረዳሉ። አንዳንድ ሯጮች ሰፊ መቀነት ሆዳቸው ላይ ጠበቅ አድርገው ሲያስሩ ውጋቱ እንደሚቀልላቸው ይናገራሉ፤ መናጡን ስለሚቀንስ ነገሩ ያስኬዳል። እናቶቻችን ሥራ ሲበዛባቸው ሆዳቸውን በመቀነት ጠበቅ አድርገው የሚታጠቁት እንዲሁ አልነበረም።

መልስ 3፦ ዋናተኛ

መናጥ ነው ለተባለው አንድ ተቃውሞ አለኝ። እኔ የምዋኘው ገንዳ ውስጥ ነው፤ ውኃ ደግሞ ሰውን አይንጥም። ሆኖም ውጋቱ ከሩጫው ይልቅ በዋናው ይብስብኛል፤ በተለይ ጫፍ ደርሼ በምገለበጥበት ጊዜ። ይህስ እንዴት ይታያል?

መልስ 4፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው

ተቃውሞው ትክክል ነው፤ በዚያው ጥናት ዋናተኞች 75 በመቶ በመድረስ ከሯጮችም በልጠው ተገኝተዋል። መናጥ ብቻውን ምክንያት ቢሆን ይህ አይሆንም ነበር። ነገር ግን በሆዱ ተኝቶ እጆቹን እያፈራረቀ የሚዋኝ ሰው በእያንዳንዱ ምት ከትከሻው እስከ ወገቡ ድረስ ይጠማዘዛል፤ መጠማዘዙም ገበሩን ያፋትገዋል። ብስክሌተኛው ግን ወገቡን ሳያነቃንቅ እግሩን ብቻ ያሽከረክራል። የእርስዎን በተመለከተ ከመዋኘትዎ በፊት ምን እንደሚጠጡ ይመልከቱ፤ በሚገለበጡበት ጊዜም አየርዎን ይዘው ከማፈን ይልቅ በአፍንጫዎ እያስወጡ ይዙሩ።

መልስ 5፦ ጠቅላላ ሐኪም

የተቀረው ምርመራ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ጥያቄ ነው። ጠያቂዋ እንደገለጹት፣ በእንቅስቃሴ ጊዜ ብቻ የሚመጣ፣ ሲያርፉ በደቂቃዎች ውስጥ የሚለቅ፣ ከሩጫ ውጭ ምንም ምልክት የሌለው ውጋት አልትራሳውንድም ሆነ የደም ምርመራ አያስፈልገውም። ፌጦውንም ቢሆን ለእናትዎ ደስታ ይውሰዱት፤ ከሩጫው ሰዓት ግን ያርቁት፤ በባዶ ጨጓራ ላይ ያቃጥላል።

ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱት ሁኔታዎች ከዚህ የተለዩ ናቸው። ካረፉ በኋላም ለሰዓታት የሚቆይ ሕመም፣ ትኩሳት ወይም ማስመለስ ያለበት ሕመም፣ ከእምብርት ጀምሮ ወደ ቀኝ የታችኛው ሆድ የሚሄድ ሕመም ጊዜ አይሰጥም፤ የትርፍ አንጀት ሊሆን ይችላል። ቅባት የበዛበት ምግብ ከበሉ በኋላ፣ ተቀምጠው እያሉ በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር የሚያም ከሆነ የሐሞት ከረጢት ጠጠር መኖሩ ይታይ።

አንድ ነገር ግን በተለይ ዕድሜያቸው ከአርባ በላይ ሆኖ ሩጫ ለሚጀምሩ፣ የደም ግፊት ወይም ስኳር ላለባቸውና ለሚያጨሱ አሳስባለሁ። «ሳርፍ ስለሚለቀኝ ቀላል ነው» የሚለው አስተሳሰብ እነሱን ሊያሳስት ይችላል፤ ከልብ ደም ሥር መጥበብ የሚመጣው ሕመምም በእንቅስቃሴ ጊዜ ጀምሮ በዕረፍት ይለቃልና። ልዩነቱ የልብ ሕመም በጣት የሚጠቆም ውጋት ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ በደረት መካከል እንደ መጨምደድ ወይም እንደ ከባድ ጫና ሆኖ መሰማቱ፣ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ መዛመቱ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር መምጣቱ ነው። አንዳንድ ጊዜ ከእምብርት በላይ ባለው የሆድ ክፍል ብቻ ስለሚሰማ ከጨጓራ ጋር ይምታታል። ይህን የመሰለ ሕመም የተሰማው ሰው ሩጫውን አቁሞ የልብ ምርመራ እስኪያደርግ ድረስ ወደ ልምምድ አይመለስ።