ሳልፈርድ ማየት አቃተኝ፣ እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?

ሰላም እህት ወንድሞች፣ ባሕር ዳር ነው ያለሁት፣ ወር በገባ በ16 የኪዳነ ምሕረት ጽዋ ማኅበር አለን፣ 14 ሰዎች ነን፣ ቤት ለቤት ተራ እየያዝን። ችግሬ ጸሎት ላይ ዓይኔ ሰው ላይ ነው፣ ማን አረፈደ ማን ስልኩን ነካካ ማን ጾም ገደፈ እያልኩ በልቤ ፈርጄ እጨርሳለሁ።

የካቲት 16 በጀልባ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሄደን አንዷ እህታችን ቅዳሴው ሳያልቅ ወጥታ ሐይቁ ዳር ተቀምጣ አየኋት፣ እስክንመለስ ድረስ በውስጤ ስከሳት ነበር፣ ለካ እናቷ ያረፉበት ቀን ኖሮ ለቅሶ አላስችል ብሏት ነው የወጣችው። እስካሁን ፊቷን ቀና ብዬ ማየት ያሳፍረኛል።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው፣ የጥንቱን የበረሃ መነኩሴ የአባ ሙሴ ጸሊምን ታሪክ አጫወቱኝ፣ በአንድ ወንድም ላይ ለመፍረድ ሲጠሩት አሸዋ የሚያፈስ ቅርጫት ተሸክሞ የሄደውን፣ ኃጢአቴ ከኋላዬ እየፈሰሰ እኔ በሌላው ልፈርድ መጣሁ ያለውን። ልቤን ነካው። ከዛ ወዲህ ሰው ሳይ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ፣ ዓይኔንም ሰብሬ እቀመጣለሁ።

ግን ሌላ ነገር መጣ፣ አንድ ወንድማችን ሁለት ወር ሲቀር አይመለከተኝም ብዬ ዝም አልኩ፣ ሥራ አጥቶ የሚከፍለው መዋጮ አጥቶ ነው አሉ። አለመፍረድ ብዬ የያዝኩት አለመጠየቅ ሆነብኝ።

እና የወንድማችሁን ነገር ዓይናችሁ ሲያይ፣ ሳትፈርዱም ሳትሸሹም፣ በዛች ቅጽበት ምንድነው የምታደርጉት?